ፍሬኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ደረጃውን እሺ አለ? እማዬስ ያ ሳሏ ለቀቃት? እንቅልፍስ ታገኛለች? ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። የእጄ አንጓ ስለዳነ ይኸው ብዕር መያዝ ችያለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ሞክሬ አፌ ተያዘ። ከሞተር የወደቅሁ ጊዜ «አንድ ጎሚስታ ጎማ ሲቀይር ፍሬኔን አበላሽቶብኝ ነው» ብዬዎት ነበር። እርስዎም ስለ እኔ ተቃጥለው «እጁ ይድረቅ!» ብለው ረገሙት። አባባ፣ እኚያ ሰው ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እባክዎ ደብዳቤዬን አንብበው ሳይጨርሱ እርግማኑን ያንሱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደሚያውቁት የመነጽር ቤቱን ዕቃ በሞተር ለደንበኞች አደርሳለሁ። የፊት ጎማዬ አልቆ ልሙጥ ሆኖ ነበርና አንድ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ወሰድኩት። የጋራዡ ጎሚስታ ሽማግሌ ናቸው፤ ሞተር የያዘውን ሁሉ «ቀስ በል» ስለሚሉ ስማቸው ራሱ ቀስበል ሆኖ ቀርቷል። ዓይኔ እያየ ፈትተው፣ ቀይረው፣ ገጥመው፣ የፍሬኑን መጨበጫ ደጋግመው ጨብጠው ሞክረው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ሲሆን እንዴት እንደሚያደርገኝ ያውቁ የለ! ቤት ወስጄ አጠብኩት። አዲሱ ጎማ ጥቁር ብሎ እንዲያበራም የጎማ ማብረቂያ ቅባት ገዝቼ አርከፈከፍኩበት።

በነጋታው ቁልቁለቱን ስወርድ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ድንገት መንገድ ገባች። ፍሬኑን ጨበጥኩ። መጨበጫው ጠንካራ ነው፤ ሞተሩ ግን መሄዱን አልተወም። እሷን ላለመግጨት ወደ ግንቡ ጠመዘዝኩና ተዘረርኩ። አምስት መነጽር እንክትክቱ ወጣ። ሴትየዋና ልጇ ግን ተመስገን ነው፣ አልተነኩም።

አንድ መንገደኛ ሞተሩን እየገፋልኝ በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። ቤቱ በደንበኛ ተሞልቷል። «ይሄ ሽማግሌ ሊገድለኝ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ቀስበል መፍቻቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ቆዪ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልየው» አሉኝ። «ደግሞ ሁለተኛ ሊነኩት ነው?» ብዬ እጃቸውን ገፈተርኩ። የጋራዡ ባለቤት በደንበኞቹ ፊት አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ዕቃቸውን ሰብስበው እንዲወጡ ነገራቸው። አሥራ አንድ ዓመት ከሠሩበት ቤት አንድ ጆንያ ይዘው ወጡ። ቆሜ አየኋቸው። አልዋሽዎትም አባባ፣ ያን ጊዜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሬ ያለች አንዲት መካኒክ ጋ ወሰድኩት። «መጨበጫው ይላላል ወይስ ይጠነክራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይጠነክራል ስላት «እንግዲያው የፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር አልገባም» አለች። ጎማውን አንስታ አሽከረከረችው፤ የትም ሳይነካ ዞረ። የመሀል ብረቱ መጥበቁን፣ የፍሬን ሸራዎቹም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ከግራና ከቀኝ በትክክል መያዛቸውን አየች። መጨረሻ ላይ ጣቷን ዲስኩ ላይ አሸት አድርጋ አሸተተችው። «ጎማውን ምን ቀብተሽው ነው?» አለችኝ። ጣቷ ያብለጨልጫል። ለካ ቅባቱ ዲስኩ ላይ ተረጭቶ ሸራውን አርሶት ኖሯል፤ የራሰ ሸራ ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ሸራውን በአዲስ ቀየረች፣ ዲስኩን በማጽጃ ፈተገች፣ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘ። እጇን እየጠረገች «ጎማውን የገጠመው ሰው ግን እጁ ይባረክ፤ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው» ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀስበልን ፈልጌ ያገኘኋቸው ከሳምንት በኋላ ነው። አስፋልት ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠው በእግር ፓምፕ የብስክሌት ጎማ ይነፋሉ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እጅሽን ተሻለሽ ወይ?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ካሳ እንዲሆንልኝ «መነጽር ላምጣልዎት፣ ከቤታችን ጥሩ ጥሩ አለ» አልኳቸው። «ዓይኔስ ደህና ነው» አሉኝ። «ልየው ስልሽ የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ጋራዡ ሲሞላ ሄድኩና መሀል ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አብዛኛው ሰው ያን ቀን አልነበረም፤ የማወራውም አልገባውም። ባለቤቱም «አሁንማ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ እህቴ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ይህን ለቀስበል ብነግራቸው «እሺ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ባለሞተር ሁሉ ወደ ዛፉ ሥር እልካለሁ። እሳቸውም ሳልፍ በጨዋ ደንብ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ ግን አያልፍም። ይቅር ብለውኝ ይሁን ትተውኝ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱን አጣሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ እጄ ድኗልና አታልቅስ። አክስቴን ናፍቃኛለች ይበሏት። ታላቅ ወንድሜን ከነልጆቹ ሰላም ይበሉልኝ። ታናሽ እህቴ ያን ዕለት፣ ገና መካኒኳ ጋ ሳልሄድ ስትደውል «ሽማግሌውን በደንብ አድርገሽ ነገርሽው?» ብላኝ አብረን ሆዳችንን ይዘን ስቀን ነበር። እባክዎ ይህን ደብዳቤ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልዎት።

ልጅዎ

ከመነጽር ቤቱ የጓሮ ክፍል፣ ኅዳር ፲፩ ቀን