ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ

ለልጆቼ አባት፣ ለአያ ሲሳይ፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ብጠይቅህም መልሱ አይደርሰኝም። ከተለያየን ባለፈው ነሐሴ ሦስት ዓመት ሞላን። በሕይወት ሳለህ ከዘመድ ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢህ እኔ ነበርኩ። አንተ መደቡ ላይ ጋቢህን ተከናንበህ ታዳምጣለህ፤ ደስ ያለህ ቦታ ላይ ስደርስም ድገሚው ትለኛለህ። ይህን ማን እንደሚያነብልህ እንጃ። እዚያ ፊደል የቆጠረ አይጠፋም ብዬ ነው የጻፍኩት።

የምትስቅብኝ ነገር አለ። ከብቶቹ ከቤት ወጡ። አዎ፣ ወጡ። ከጓዳው ጀርባ፣ ድሮ ድንች እንተክልበት ከነበረው ላይ፣ በረት ተሠራላቸው። ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጨቀጨቅኩህ ነገር ተሳካልኝ ማለት ነው።

መቼም የገባሁባትን ቀን አትረሳትም። እኔ ከሙጃ ቁልቁል ሞቅ ካለው አገር ነው የመጣሁት፤ በአባቴ ቤት ከብት ውጭ ነው የሚያድር። ሚዜዎችህ ወደ ቤት ሲያስገቡኝ በሩ ሥር ሁለት በሬዎች ተኝተው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ለሰርጉ ሊታረዱ የገቡ መስሎኝ በሆዴ አዘንኩላቸው። በማግሥቱም እዚያው ናቸው፤ በሦስተኛውም ቀን እዚያው። በአራተኛው ቀን አፍሬ አፍሬ ጠየቅኩህ፤ እነዚህ ከብቶች መቼ ነው የሚወጡት አልኩህ። አንተም ቆጣ ሳትል፣ ፈገግ ብለህ፣ «ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ ነው» አልከኝ። አመንኩህ። የዚህን ደጋ ብርድ ገና መች አወቅኩት።

ከዚያ በኋላ ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰማኋት። ሽሮዬ ውስጥ ገለባ ሲገባ፣ በሬያችን ቡሬ የሰርጌን ነጠላ ሲያኝክ፣ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትይዝ፣ ያው ነህ፤ ብርዱ እስኪያልፍ። እኔ ደግሞ አኮርፋለሁ። ኩርፊያዬ ግን ረጅም አልነበረም፤ በትንፋሻቸው የሞቀ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ማኩረፍ አይቻልም።

ለገና ላሊበላ የወረድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሁለት ቀን በእግራችን ሄደን፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ገፍተን፣ ድንጋዩ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ምን ተሳልሽ ብለህ ጠየቅኸኝ። ሰው ልጅ ይለምናል፣ ጤና ይለምናል፤ እኔ ከብት የሌለበት ቤት ለመንኩ አልኩህ። እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። የራስህን ግን ሳትነግረኝ ቀረህ። ያንተ ስለት የእኔ እንዳይደርስ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ።

በኋላ ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ፣ ሙሉ፣ ወደ ቀበሌያችን ስትመጣ አጋር አገኘሁ። ሰውና ከብት ይለያይ ብላ ስታስተምር ከፊት ተቀምጬ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ቤታችን ስትመጣ እርጎ ሰጥተህ፣ መርቀህ፣ ያቺኑ ቃልህን ነግረህ ሸኘሃት። እሷም በየወሩ ትመጣለች፣ አንተም በየወሩ ትሸኛታለህ።

አሁን የምጽፈው ሦስት ዓመት ጉሮሮዬን ይዞኝ የኖረውን ነው። በመጨረሻው ሰኔ፣ ጤፍ ስለቅም፣ እንደ ልማዴ ነዘነዝኩህ። አንተም ለጨዋታ ብለህ «እንግዲህ እኔ ስሞት ታወጫቸዋለሽ» አልከኝ። እኔም ቀና ሳልል «እንግዲያው ቶሎ በል» አልኩህ። ሁለታችንም ሳቅን። በነሐሴ ሄድክ።

አያ ሲሳይ፣ ያቺን ቃል መልሼ ልውጣት ብል አልሆነልኝም። ለነፍስ አባታችን ተናገርኩ። የጨዋታ ቃል እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። እሱ ቢያውቅም እኔ አልተጽናናሁም። ሙት ዓመትህ እስኪያልፍ አንዱንም ከብት ከቦታው አላነቃነቅኩም። ሙሉ ስትመጣ ሌላ ወሬ አነሳባታለሁ፤ እሷም ገብቷት መጠየቁን ተወች። ባወጣቸው ሞትህን የጠበቅኩ፣ ባላወጣቸው የተናገርከውን የናቅኩ ይመስለኝ ነበር።

በስተኋላ ልጃችን ደረጀ ከጋሸና መጥቶ፣ እናቴ ይህን ነገር ስትመኝ ነው ያደግሁት ብሎ ደቦ ጠራ። በአንድ ቀን ድንጋዩ ተካበ፣ በሦስተኛው ቀን ሣሩ ተከደነ። ከብቶቹ ሲነዱ ቡሬ ደጃፉ ላይ ቆሞ አልወጣም አለ። አርጅቷል፤ ሌላ ማደሪያ አያውቅም። አንገቱን አቅፌ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጋጣውን ጠራረግኩ፣ ለቀለቅኩ፣ ወለሉ መስተዋት ሆነ። አንተ የተከልካትን የወይራ ችካል ብቻ አላስነቀልኩም፤ ደረጀ ሊነቅላት ሲል ተዋት አልኩት። ሙሉ ሞዴል ቤተሰብ የሚል ወረቀት አምጥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችልኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሙሽራ ሆንኩ። ጎረቤት ጠርቼ ቤቴን አሳየሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ በረደኝ። ብርዱንስ በጋቢ እችለዋለሁ። ዝምታው ግን ከበደኝ፤ ለካ ሲያመሰኩ እየሰማሁ ኖሮ ነው ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኝ የነበረው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያን ሁሉ ዓመት የበሬ ሽታ እያልኩ ያማረርኩት ያንተም ሽታ ኖሯል። ጋቢህን ከሳጥን አውጥቼ ሳሸተው ያው ነው። ከቤቱ ጠርጌ ያወጣሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምኞቴን አልረግመውም፤ ንጹሕ ቤት ጥሩ ነው፣ ሙሉም እውነቷን ነው። እኔ የተመኘሁት ግን አንተ ያለህበትን ንጹሕ ቤት ነበር። ያንን አጥርቼ አልለመንኩም።

ባለፈው ሳምንት ላማችን ቀዮ ወለደች። አመዳዩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ነበር። ጥጃዋ እግሯ አልጸና ብሎ ስትንቀጠቀጥ አየሁና ታቅፌ አስገባኋት፣ በጋቢህ አደራረቅኋት፣ ከችካልህ ላይ አሰርኳት። ረፋድ ላይ ሙሉ መጣች። መጀመሪያ ጥጃዋን አየች፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ በመጨረሻ እኔን። ምን እንደምመልስ ሳላስብ ከአፌ ወጣ፤

«ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ ነው» አልኳት።

ልጅቱ ሳቋን መያዝ አቃታት፣ እኔም አቃተኝ። እርጎ ሰጥቼ፣ መርቄ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ መደቡ ላይ ባንተ ቦታ ተቀመጥኩ፤ ጥጃዋ እጄን ትልሰኛለች። ያቺ የሰኔ ቃሌ ከጉሮሮዬ የወረደች መሰለኝ። ይቅር ያልከኝ ይመስለኛል፤ ይቅር ያላልከኝ እንደሆነም ስንገናኝ ንገረኝ።

እንግዲህ ላንተ የምገባው ቃል ይህ ነው። ጋቢህን አላጥበውም፣ ችካልህን አላስነቅልም፣ አንተንም ከልቤ አላወጣህም። ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ። የዚህ አገር ብርድ መቼ እንደሚያልፍ ደግሞ አንተ ታውቃለህ።

ያንተው ጥሩነሽ