በሰው ተራ የታጠበ አንሶላ

ዙሪክ፣ ኦገስት 21

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽስ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ፖርቶ በዚህ ወር እሳት እንደሚሆን አውቃለሁና ውሃ ጠጪ፤ እዚህ በነጻ የጠጣሽው እንኳ ለዓመት ሳይበቃሽ አይቀርም። እኔ በጤናዬ አለሁ። ወጉን አድርሻለሁ፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ቤቴን አሳጣሽኝ።

ቤቱን ያከራየኝ የቤት ማኅበር ደብዳቤ የደረሰኝ አንቺ በሄድሽ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ባለ ሦስት ክፍል ቤት ቢያንስ ሁለት ሰው ይኖርበታል ይላል ደንቡ፤ እኔ ግን ብቻዬን መሆኔ ስለታወቀ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ጓዜን ጠቅልዬ በጓሮ በኩል ወዳለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንድዛወር ታዝዣለሁ። በጓሮ በኩል ያለው የባቡሩ ሐዲድ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከመስኮቴ ያየሁትን ሐይቅ ከእንግዲህ እንደ አንቺ ትኬት ቆርጬ ልጎበኝ ነው። ብቻዬን መሆኔን ለሰው የተናገረው ማን መሰለሽ? አንቺና ያ ምላስሽ!

ሁሉንም ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ልትመጪ ስትደውዪ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላየሁሽም፣ አንቺም ሐይቁም ናፍቃችሁኛል" አልሽ። የሆቴሉ ዋጋ አይቀመስም፣ የሬቶ ክፍል ባዶ ነው፣ እዚያ እተኛለሁ አልሽ። እኔም ሞኟ እሺ አልኩ። ልጄ ከሄደ ወዲህ ያን ክፍል ለሰው ስከፍት የመጀመሪያዬ ነበር። የመጣሽ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ለመንኩሽ፤ ጎረቤት ከጠየቀሽ ሬቶ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ቀን ቀን ይተኛል በይ። "ሞቼ ነው የማወጣው!" ብለሽ ደረትሽን መታሽ።

ከዚያማ ሰባት ቀን ሙሉ አዋረድሽኝ። ከፖርቶ የተቀቀለ እንቁላል ተሸክሞ ዙሪክ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ከየአደባባዩ ምንጭ ጠርሙስሽን እየሞላሽ "ይህ ሁሉ ውሃ በነጻ እየወረደላችሁ ፊታችሁ ግን ለምን አይፈታም?" ትዪኝ ነበር፤ አንቺ ራስሽ እዚሁ እንዳልተወለድሽ። ሱፐርማርኬቱ ሊዘጋ ሲል ግማሽ ዋጋ የተለጠፈበትን ሳንድዊች ለመልቀም ከተማሪዎች ጋር ስትጋፊ ወይዘሮ ኤግሊ፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ከአይብ መደርደሪያው ጋር ቆማ ታይሽ ነበር። የማላውቅሽ መስዬ ወደ ሳሙናው ዞርኩ። ቸኮሌት ቤት ለቅምሻ የቀረበውን መጀመሪያ በመነጽር፣ ከዚያ መነጽርሽን አውልቀሽ፣ ሁለት ጊዜ ወሰድሽ። ሬስቶራንት የገባሽው አንዴ ነው፤ እሱም ሽንት ቤት ፍለጋ።

የአውቶቡሱ ትኬት በጀልባውም ይሠራል ብለሽ ደግሞ ሐይቁን በአንድ ትኬት ሦስቴ አዞርሽኝ። እዚያ ላይ፣ ዳክዬው እንቁላልሽን ሲነጥቅሽ፣ ሳቅሁ። አልክድም። "ከሳቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አልሽኝ። ያኔ ነው "ባልሽ እኮ በልብ በሽታ ነው የሞተው፤ በልጁ አይደለም" ያልሽኝ። ከቀብር ተመልሰን ኮቴን ሳላወልቅ አባትህን ገደልከው ብዬ ለሬቶ ያልኩትን ቃል ከእኔና ከእሱ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። አንቺ ቀብሩ ላይ አልተገኘሽም፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ስለተወደደብሽ። ከየት አመጣሽው ብዬ ልጠይቅሽ ስል ቀድመሽኝ "ቢመለስስ ምን ትዪዋለሽ?" አልሽኝ። "በሩን እዘጋበታለሁ" አልኩሽ። ተናድጄ ነው ያልኩት።

አሁን ወደ አንሶላው ልምጣ።

እዚህ ተወልደሽ አድገሽ የጋራ ልብስ ማጠቢያውን ክፍል ደንብ ረሳሁ ብትይኝ አላምንሽም። ተራ ተራ ነው። የእኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ የወይዘሮ ኤግሊ ነው፤ እሷ ደግሞ ለሐሙሷ ስትል የሐኪም ቀጠሮ የምትሰርዝ ሴት ናት። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞዬ የሬቶን ሁለት ሸሚዞችና የዳቦ ቤት ሽርጡን ንጹሕ እንደሆኑ እያጠብኩ፣ ሰው እንዲያያቸው ፊት ለፊት አሰጣ ነበር። ሸሚዞቹ በማጠብ ብዛት ሳሱ። አንቺ ግን በሐሙስ ቀን፣ ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ስላገኘሽው፣ የልጄን አንሶላና የትራስ ልብስ ተሸክመሽ ወረድሽ።

ኤግሊ ዘንቢሏን ይዛ ስትመጣ ያልሽውን ራሷ ነግራኛለች፤ አንድም ቃል አላጎደለችም። "ይቅርታ እመቤቴ፣ እንግዳ ነኝ" አልሻት። "እንግዳ ተራ የለውም" አለችሽ። አርፈሽ ይቅርታ ጠይቀሽ ብትወጪ ምን ነበረበት? "ኧረ አንዲት አንሶላ ናት! ልጁ ከሄደ ጀምሮ ሦስት ዓመት ውሃ ያልነካት ሆና አሳዝናኝ ነው" አልሽ እንጂ። "የቱ ልጅ?" አለችሽ። ያኔ አፍሽን በእጅሽ ያዝሽ አሉ። ምን ዋጋ አለው!

ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ደጄ ድረስ መጥታ "እነዚያ ሸሚዞች ታዲያ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበሩ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እጄን ጨብጣኝ ወረደች። ከዚያ ለማኅበሩ ጻፈች። ደንብ ነዋ።

ለቤቱ ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እልሽ ይሆናል። ለትራሱ ልብስ ግን አልልሽም። ሳላጥበው የቀረሁት ስንፍና ይዞኝ መሰለሽ? ሸሚዞቹ ለሰው ዓይን ነበሩ፤ እሱ የራሴ ነበር። እሁድ እሁድ አወጣውና ፊቴን አስደግፈው ነበር። የልጄ ጠረን ነበረበት። አሁን የአንቺ ርካሽ ሳሙና ይሸታል። አንቺ ስትመጪ ሌላ አንጥፌልሽ የእሱን ከቁም ሳጥኑ ግርጌ፣ ከክረምት ብርድ ልብሱ ሥር ደብቄው ነበር። ምን ስትፈልጊ እዚያ ድረስ እንደቆፈርሽ ያኔ አልጠየቅሁሽም።

ትናንት ዕቃ ስሸክፍ ገባኝ። የሬቶን ጠረጴዛ መሳቢያ ከፈትኩ። ያ መሳቢያ ከሥር በጉልበት ካልገፉት፣ ገፍተውም ወደ ግራ ካላዘነበሉት አይከፈትም። ነፍሱን ይማረውና አባቱ እንኳ አልቻለበትም። በዓለም ላይ ዘዴውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ውስጡ የነበረው የዳቦ ጋጋሪነት የሙያ ምስክር ወረቀት የለም። ካልሲዎቹ ግን ተረከዛቸው ወደ ውጭ ሆኖ፣ እናታችን አንቺን ብቻ እንዳስለመደችሽ፣ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። አንቺ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ነሽ። በዚህ ዕድሜሽ ፖርቶ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ሆነሽ ልትቀጠሪ ነው? ሐይቁ ናፈቀኝ ያልሽው ይኼ ነው? በየፋሲካው እየደወልኩ ወሬውን ሰምተሽ እንደሆነ ስለምንሽ "ከየት ሰምቼ?" እያልሽ ስትምዪልኝ፣ ከኋላሽ የሚስለው ሰው ባልሽ ነው ስትዪኝ፣ እንዴት አስቻለሽ? እኔ እኮ ሐይቁ ውስጥ ሰው ሰጠመ በተባለ ቁጥር እየሮጥኩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ነው የኖርኩት! ይህንንም ነግሬሽ አውቃለሁ።

ሥራሽንም ቢሆን በወጉ አልሠራሽም። ምስክር ወረቀቱ ያለ ውጤት መግለጫው ለምንም አይሆንም፤ ቀጣሪ ሁለቱንም ይጠይቃል። ውጤቱ መሳቢያው ውስጥ አልነበረም፤ በቦርሳዬ ይዤው ነበር የምዞረው። በሊጥ ሥራ ከሁሉም አንደኛ ነው የወጣው። ይኸው አብሬ ልኬልሻለሁ። እንዳታጥፊው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ ፉረር በአዲሱ ቤት የበር ደወል ላይ የማን የማን ስም ይጻፍ ብሎኝ ነበር። ሁለት ስም ሰጠሁት። "እመቤቴ፣ እንደገና ልንጀምር ነው?" አለኝ። "ሁለት ክፍል ለሁለት ሰው ደንቡ ይከለክላል?" አልኩት። ደንቡን አገላብጦ አገላብጦ "አይከለክልም" አለ። ጀልባው ላይ ያልኩሽን ለማንም አድርሰሽ እንደሆነ፣ ይህንንም አድርሺ። የቀብሩን ዕለት ያልኩትም ውሸት ነበር፤ ስለው እንኳ ውሸት መሆኑን አውቀው ነበር። እነዚያን ሸሚዞች ከእንግዲህ አላጥብም፤ ባለቤቱ ይጠባቸው። በአዲሱ ቤት የማጠቢያ ተራችን ሰኞ ነው።

እግዚአብሔር የባልሽን ወገብ ይማርልኝ፤ እጅሽን ከሰው ቁም ሳጥን ይሰብስብልኝ። በቤታችሁ የሚጋገረውን ዳቦ ይባርክ፤ የሚጋግረውንም።

ታላቅ እህትሽ፣
እናቱ