በሌለው ድልድይ አጠገብ ስለ ተሠራው ድልድይ

ለክቡር አቶ ፈንታሁን
የወረዳችን የመንገድና የግንባታ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለወንበርዎም ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። የእኔን ከጠየቁኝ፣ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ ወገቤንም ያመመኝ የባሕር ዛፍ ግንድ ስሸከም ስለሆነ ቅር አይለኝም። ስሜ ዓለምነው ይሻው ነው፤ አናጢ ነኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት የፓርቲው አባል፣ ከዚያም ውስጥ ለአምስቱ ዓመት የቀበሌያችን የፓርቲ ተጠሪ ነበርሁ፤ እርስዎም በየስብሰባው «የእኛ ሰው» እያሉ ያስጨበጨቡልኝ ሰው ነኝ። መልቀቂያዬን ካስገባሁ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊትዎን ስለሚያዞሩ፣ ስሜ ጠፍቶብዎት ይሆናል ብዬ ነው ማስታወሴ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ለደረሰን ማስጠንቀቂያ መልስ ይሆን ዘንድ ነው። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም፣ አሽጌ ብልክልዎ እንደ ሌሎቹ ማመልከቻዎቼ መሳቢያዎን እንዳያጣብብ አዝኜ ነው። ማስጠንቀቂያው ማኅተሙ የጠራ፣ ቁጥሩ የተሟላ፣ አማርኛውም ያማረ ነበር። የአጋም ወንዝ ነዋሪዎች «ቀደም ሲል ተሠርቶ አገልግሎት በመስጠት ላይ ካለው ድልድይ በስልሳ ሜትር ርቀት ላይ» ያለ ፈቃድ የእንጨት ድልድይ ስለ ሠራን፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ በገዛ እጃችን እንድናፈርሰው፣ ካላፈረስነውም ቢሮዎ አፍርሶ እኔን በአስተባባሪነት በሕግ እንደሚጠይቀኝ ይገልጻል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ አጋም ወንዝ ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ የሚገኝ፣ በበጋ ጥጃ የሚሻገረው፣ በክረምት ግን በሬ የሚወስድ ወንዝ ነው። መንደራችን ከማዶ ነው። እርስዎም የዚያው የማዶ ልጅ ነዎት፤ እናትዎ እማሆይ ለተሥላሴ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በዚያችው ጎጆ ይኖራሉ። ስለዚህ የወንዙን ጠባይ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩ኛ/ ነባሩን ድልድይ በሚመለከት፦ ይህ ድልድይ የት እንዳለ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የሠራሁት እኔ ነኝና፤ በብዕር። ከአራት ዓመት በፊት የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰንጋ ታረደ። ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አንደኛው ውስጥ ሲሚንቶ ፈሰሰ። ከዚያ ዝናቡ መጣና ሠራተኞቹ ሄዱ። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ቢሮዎ አስጠርተው፣ ሻይ አዝዘውልኝ፣ ተጀመረ ማለት አለቀ ማለት እንደሆነ፣ የቀረው በሚቀጥለው ዓመት እንደሚስተካከል፣ ዞኑ ግን ሪፖርቱን ዛሬ እንደሚፈልገው አስረዱኝ። እኔም በተጠቃሚው ሕዝብ ስም «መቶ በመቶ ተጠናቅቆ ተረክበናል» ከሚለው ግርጌ ፈረምሁ። ሪባን ሲቆርጡ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዋናው መንገድ ላይ ካለ ሌላ ድልድይ እንደ ተነሣ አይዘነጉትም፤ መቀሱን ያቀበልሁዎት እኔ ነበርሁ። በዓመቱ ድልድዩ ይጨረስልን ብለን ብንጠይቅ፣ ያለቀ ሥራ ዳግመኛ በዕቅድ አይያዝም ተባልን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር ደረሰብን፤ ላሚቱን ወደ ሰማይ የሰቀልኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

፪ኛ/ ዝናሽ ይሻውን በሚመለከት፦ ዝናሽ ታናሽ እኅቴ ናት። ባለፈው ዓመት በቡሄ ማግስት፣ ገና ሳይረፍድ ምጥ ጠናባት። ሙታናችንን የምንቀብርበት ቅሬያችን ቃሬዛውን አውጥቶ ተሸክሟት ወንዙ ዳር ደረስን። ወንዙ ሞልቷል። ጤና ጣቢያ ደውለን ስለ ነበር አምቡላንሱ ከደብረ ታቦር መጣ፤ ከወዲያ ማዶ ነጭ ሆኖ ይታየን ነበር። የሾፌሩ ስም አዳነ ነው፤ ኋላ ለቅሶ መጥቶ ነግሮናል። ሲላክ «ድልድዩን ተሻግረህ መንደሩ ግባ» ተብሎ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ድልድይ አለና። ስለዚህ ያ ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ኔትዎርኩ እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ብንጮህም የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ድልድይ እንደሌለ ቢነገረው ኖሮ በላይኛው ጠጠር መንገድ ዞሮ በአንድ ሰዓት ይደርስልን ነበር። እኛ በቃሬዛ እንዙር ብንል የአራት ሰዓት መንገድ ነው።

ዝናሽ ቃሬዛው ላይ ሆና መኪናውን ታየው ነበር። ያ ሰውዬ ምን እየፈለገ ነው ብላ ጠየቀች። አንዱ «ድልድይ» አላት። እኔ ከእግርጌዋ ቆሜአለሁ፤ ያ ድልድይ የት እንዳለ ከነበርነው ሰዎች ሁሉ አብልጬ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዝም አልሁ። ቀትር ሳይሆን ከነልጇ ሞተች። ቃሬዛው ያው ነበርና ሌላ ሳንፈልግ በዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን መለስናት፤ በፈረምሁበት እጄም አፈር መለስሁባት። ክቡርነትዎ የሐዘን መግለጫ ስለ ላኩልን፣ የስሟም ፊደል በአንዲት ስሕተት ብቻ ስለ ተጻፈ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

፫ኛ/ መልቀቂያዬን በሚመለከት፦ በአርባዋ ማግስት የአባልነት ደብተሬን ይዤ መጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥሁ። ቅሬታ ካለኝ በመዋቅሩ በኩል እንዳቀርብ መከሩኝ፤ መዋቅሩ እኔ እንደ ነበርሁ ረስተውት ይሆናል። ወሬው በወጣ በሳምንቱ ደግሞ የሌላ ፓርቲ ሰዎች ከከተማ መጥተው፣ ሐዘኔን ተካፍለው ሲጨርሱ ፎርም አወጡልኝ። እነርሱንም በአክብሮት ሸኘኋቸው። ቢሮዎ አካባቢ ጫካ ገብቷል ተብሎ እንደሚወራብኝ ሰምቻለሁ፤ ጊዜው እንዲህ ያለ ወሬ ሰው የሚያስበላበት መሆኑን እያወቁ ዝም በማለትዎ ከፍ ያለ ምስጋና ይድረስዎ። እኔ የትም አልገባሁም። የገባሁት ወንዝ ውስጥ ነው፤ እስከ ወገቤ።

ለምን ሌላ ፓርቲ እንዳልገባሁ ለጠየቁኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው። ተጠሪ በነበርሁ ጊዜ የምይዛት ደብተር ነበረችኝ፤ ስብሰባ የቀረውን፣ ያጉረመረመውን እመዘግብባት ነበር። ጎረቤቴ አያሌው በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ድልድዩ የለም ስላለ፣ ስሙን ጻፍሁ፤ ማዳበሪያው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ደረሰው፤ ያን ዓመት ገብሱ ገለባ ሆነ። ይህን ያደረገው ፓርቲው ነው እል ነበር፤ ውሸት ነው፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። እንግዲህ ደብተሩን የሚይዘው ሰው ቢለወጥ አያሌው ምን ይጠቀማል? እኔ የፈለግሁት ደብተሩ የሌለበትን ሥራ ነው።

፬ኛ/ አዲሱን ድልድይ በሚመለከት፦ ፈቃድ አልጠየቃችሁም ይላሉ። በጥር ጠይቀን ነበር፤ «ቦታው ድልድይ ያለው በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ተብሎ በፊርማዎ ተመልሶልናል፤ ወረቀቱን በክብር አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በዓል ባልሆነ ቀን ሁሉ፣ በደቦ ሠራን። የመጀመሪያውን ግንድ ያመጣው አያሌው ነው፤ ይቅርታ ስጠይቀው ግንዱን በዚያኛው ጫፍ እንድይዝለት ብቻ ነገረኝ። በዚያች ጧት እኔ ከልማዴ የተነሣ ያችኑ ደብተሬን አውጥቼ የመጣውን ሰው ልመዘግብ ስል፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው ፈንታነሽ፣ ለቤቷ ክዳን ያስቀመጠችውን ምስማር በከረጢት ይዛ መጥታ ነበርና፣ እጄን ያዘችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፓስፖርቷን አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባት እንደ ኖረች፣ ከእንግዲህ ስሟን ለማንም እንደማታስይዝ ነገረችኝ። ደብተሩን ለእሳት ማያያዣ ሰጠኋት።

ስለዚህ ማን እንደ ሠራ ዝርዝር ላቀርብልዎ አልችልም፤ የለኝም። የመጣ መጣ፤ የቀረውንም ለምን ቀረህ ያለው የለም፤ ዛሬ እርሱም ይሻገርበታል። ወርዱን የለካነው በቃሬዛ ነው፤ አራት ሰው ተሸክሞ ጎን ለጎን እንዲያልፍ አድርገን። መንግሥት ይጥፋ ያልሁ እንዳይመስልዎ፤ መንግሥት ካለበት ቦታ ይኑር። እኔ የምለው፣ ሰው ሳያስገድድና ሳይገደድ በእጁ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለመሥራት መጀመሪያ እጁን አውጥቶ ይፈቀድልኝ ማለት የለበትም ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ስብሰባ ያወጣሁት እጅ ተሰብስቦ አንድ ምሰሶ አልተከለም።

፭ኛ/ የጥራት ደረጃን በሚመለከት፦ ባለሙያዎ መጥቶ አይቶ ደረጃውን ያልጠበቀ ነው ብሏል። እውነት ነው። የእኛ ድልድይ ሲረገጥ ይንቋቋል፤ ነባሩ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ስንጥቅ አላሳየም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ትእዛዝዎን በብዙ አክብሮት ከመረመርን በኋላ እንደማናፈርሰው እናስታውቃለን። ዝናቡ ጀምሯል፤ ወንዙ ከትናንት ወዲያ ደፍርሷል፤ በመንደራችን በዚህ ክረምት የሚወልዱ ሰባት ሴቶች አሉ። እኔን መጠየቅ ካስፈለገ ቤቴን ያውቁታል፤ ካሁን ቀደም ጠላ ጠጥተውበታል። ነገር ግን በአንድ ቦታ ሁለት ድልድይ መኖሩ ሕግ የሚጥስ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ለማፍረስ ለመተባበር ዝግጁ ነን። ነባሩን ያፍርሱልን። ዲናሚት አይጠይቅም፤ መዶሻ አይጠይቅም፤ «አልተሠራም» የምትል አንዲት መስመርና የሁለታችን ፊርማ ይበቃዋል። አዳነን የመሰለ ሾፌር ዳግመኛ ሲላክ የሌለውን ድልድይ ሲፈልግ እንዳይውል ከፈለጉ፣ እኔ በማንኛውም የሥራ ቀን ብዕሬን ይዤ ልመጣ እችላለሁ። ቃሌን ሰጥቼ በደሌን ለመቀበል ነው የምመጣው፤ ሻይ አይዘዙልኝ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማስጠንቀቂያዎ፣ ጀምሮ ስለ መጨረስ ስላስተማሩኝም ትምህርት ባለውለታዎ ሆኜ እኖራለሁ። ሹመትዎን ያጽናልዎ፤ የሚሾሙበትም ቦታ ሁሉ ወንዝ የሌለበት ያድርግልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ዓለምነው ይሻው
የቀድሞ «የእኛ ሰው»፣ የአሁን አናጢ

ግልባጭ፦
ለአጋም ወንዝ ቅሬ
ለሾፌር አዳነ
ለሚመለከተውና ለማይመለከተው ሁሉ

ሳልጽፈው ያለፍሁት፦ ባለፈው ሐሙስ እናትዎ እማሆይ ለተሥላሴ ዓይናቸውን ሊታዩ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ በድልድያችን ተሻገሩ። እንደሚያውቁት አሁን ብዙም አያዩም፤ መደገፊያውን በእጃቸው እየዳሰሱ መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙና ይህን የመሰለ ነገር ማን እንደ ሠራው ጠየቁ። ልጅዎ ፈንታሁን ነው አልኋቸው። መደገፊያውን ይዘው አለቀሱ፤ ያን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው፣ ውኃ አይንካው ብለው መረቁዎት። ሁለተኛ የሐሰት ሪፖርት ላላቀርብ በእኅቴ መቃብር ላይ ምዬ ነበር፤ ይህችኛዋ አመለጠችኝ። ሐኪሙ ለሐምሌ ሁለት ቀጥሯቸዋል። ሰኔ ሠላሳ ድልድዩን ካፈረሱት፣ ሐምሌ ሁለት ጧት ወንዙ ዳር ቆመው በበትራቸው ሲፈልጉት፣ የት እንዳለ የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋልና እርስዎ ይገኙላቸው።