ከእጅ የሚለቀቅ ዘንግ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ ለፑባላን፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የዋልቪስ ቤይ ጉም ደረትህን ለቀቀህ ወይስ አሁንም ስትስል ታድራለህ? ኤልፍሪዳስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? ኪሾር በፎቶው ላይ ቁርጥ አባባን መስሏል፤ እማማ ፎቶውን ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው። እኛ ለክፉ አንሰጥም። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ እንደ ድሮው ትቆጣለች። የወንድማችን የሩንጋን ሚስት ኒላም አለች። አለች ስልህ፣ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ሲያናግሯት ትመልሳለች። ከዚህ በላይ ስለ እሷ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። የዓሣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ አንተም እንደወጣህ አነበብኩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ከእንግዲህ ባሕር ዳር እየወረድክ በዘንግ ዓሣ እያወጣህ ልጆችህን ልታበላ አስበሃል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ አባባም እኛን ያሳደገን በዚሁ ነው። ግን በስንብት ገንዘብህ ያንን ሱቅ ውስጥ ያየኸውን አዲስ የካርቦን ዘንግና የሚያብለጨልጭ የክር ማጠንጠኛ ልትገዛ ነው አሉ! «እትዬ፣ አንቺ ዕቃ ታውቂያለሽ፣ ልግዛው ወይስ ልተወው?» ብለሃል። ከዚያ ደግሞ ከታች በኩል፣ እንደሚያፍር ሰው በትንንሽ ፊደል፣ «ወይስ የሩንጋን ዘንግ እዚያ ቆሞ ከሆነ?» ብለሃል።

አዲሱን ተወው። የሩንጋንንም እርሳው። ምክንያቱ ግን በሁለት መስመር የሚነገር አይደለምና ቁጭ ብለህ አንብበው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገርህ፤ ለዚህ እንኳ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አባባ ከሞተ ጀምሮ የእሱ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ዘንግ ስጠግን፣ ክር የሚያልፍበትን ቀለበት ስጠመጥም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስና ርካሽ የሆነ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው የሚያምረው፤ ጨው በነካው በወሩ ያረጃል። ሳጥኑ ላይ «አሥራ ሁለት ኩሽኔታ አለው» ብለው የጻፉትን አይተህ እንዳትደነግጥ። ጨው ሲገባባቸው አሥራ ሁለቱም ይዝጋሉ። ያገለገለ፣ ግን ደህና ባለቤት የነበረው ፈልግ። ካለህ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለማጠንጠኛው አውጣ። ዘንጉ መካከለኛ የመስታወት ፋይበር ቢሆን አይጎዳህም፤ ካርቦን ቀላል ነው፣ ግን አንዴ ድንጋይ ከነካው ቁስሉን ደብቆ ይቆይና ልክ ዓሣው ሲመጣልህ ቀጭ ይላል።

ማጠንጠኛውን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ቀስ ብለህ አዙረው። አሸዋ የሚያኝክ የሚመስል ድምፅ ካለው መልሰህ ስጥ። እጀታውን ይዘህ ወዲያ ወዲህ ነቅንቀው። ብሎኖቹ ሥር ነጭ ነጭ ነገር ካየህ ባለቤቱ በንጹሕ ውኃ አጥቦት አያውቅም ማለት ነው፤ ውስጡ ከላዩ የባሰ ነው። ፍሬኑን ጥቂት አጥብቅና ክሩን በእጅህ ሳበው። ለስለስ ብሎ ከወጣ ደግ፤ እየተንገጫገጨ ከወጣ ግን ትልቅ ዓሣ በያዘህ ቀን ክርህ ይበጠሳል። ለዘንጉ ደግሞ ጥጥ ይዘህ ሂድ። ጥጡን በየቀለበቱ ውስጥ አዙረው፤ ከያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፣ ክርህን ይበላዋል። ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ። እኔ ላይ ስንቱ ስቋል መሰለህ! «የዘንግ ሐኪሟ ጥጧን ይዛ መጣች» ይሉኛል። በሳምንቱ ክራቸው ተበጥሶ ወደ እኔ የሚመጡት እነሱው ናቸው።

ይህንን ሁሉ ለሩንጋንም ነግሬው ነበር።

ፑባላን፣ ወንድማችን እንዴት እንደሞተ በስልክ የነገርንህ «ማዕበል ወሰደው» ብለን ብቻ ነው። ለሽኝቱ መምጣት ያልቻልክ ሰው በሰው አገር ብቻህን ሆነህ ከሚብስብህ ብለን ነው የቀረውን ያስቀረነው። አሁን ግን አንተም ዓለት ላይ ልትቆም ነው። ስለዚህ ይኸውልህ።

አምና ሩንጋን ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ አብሬው ሄድኩ። ከድልድዩ ሥር አሮጌ የዓሣ ዕቃ የሚሸጠው ጋሽ ዶራሳሚ አንድ የፋይበር ዘንግና ጠንካራ አሮጌ ማጠንጠኛ ይዞ ነበር። በጥጥ አየሁት፣ በጆሮዬ ሰማሁት፤ እንከን የለውም። ዋጋውም የሚቻል ነበር። ሩንጋን ግን ሌላ ዘንግ አይቶ ኖሯል፤ አንድ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሐኪም የሚሸጠው። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ያለ ዕቃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ማጠንጠኛው ሲዞር ድምፅ የለውም። ተው ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ዓይኔ ወደደው። ያጠራቀመው አልበቃ ሲል ኒላ ሸጦ እንዲሞላበት የሰርጓን ሁለት አምባር አውልቃ ሰጠችው። ማንም አላስገደዳትም። እየሳቀች ነው ያወለቀችው።

እሁድ ጠዋት እማማ እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ኮኮናት ሰበረች፣ የካምፎር እሳት አበራች፣ በእርድ የተነከረውን ቢጫ ክር የዘንጉ እጀታ ላይ አሰረች። ሁላችንም ነበርን። ያኔ እኔ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ቀልድ አምሮኝ፦ «ስማ ሩንጋን፣ ይሄን ዘንግ ባሕር ከበላው አንተም ወደ ቤት እንዳትመጣ!» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ኒላም ሳቀች። እሱም «እሺ አለቃዬ» ብሎ እጅ ነሣኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘንጉን በገመድ ቀበቶው ላይ ያስር ጀመር። አባባ ዓለት ላይ ዕቃ ከሰውነት ጋር ማሰር እንዴት እንደሚጠላ ታስታውሳለህ። «ዘንግ ይገዛል» ነበር የሚለው፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። ጋሽ ዶራሳሚም አይቶት «ልጄ ፍታው፣ ይሄ ነገር አያምርም» ብሎት ነበር። ሩንጋን ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘንግ አይደለም፣ የሚስቴ አምባር ነው።»

የሻድ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ብላፍ ሰፈር ካለው ዓለት ላይ አምስት ሰው ቆሞ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር አሉ። ማዕበሉ ሳይታሰብ መጣና ሦስቱን ጠረጋቸው። ሁለቱ ዘንጋቸውን ጣሉ፣ ዓለቱን ቧጥጠው ወጡ፤ ጉልበታቸው ከመላጡ በቀር ምንም አልሆኑም። የሩንጋን ዘንግ ግን ውኃው ሥር ካለ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ፤ ገመዱም እሱን ያዘው። ማዕበሉ ሲመለስ አንገቱ ብቅ ይላል፣ ሲመጣ ይሸፈናል። ጋሽ ዶራሳሚ ከላይ በሆዱ ተኝቶ «ቁረጠው! ቁረጠው!» እያለ ጮኸ። ሰምቶታል። ቀና ብሎ አይቶታል። ሽማግሌው ይህንን ሲነግረኝ ፊቴን ማየት አቅቶት ጫማውን ነበር የሚያየው። «ሁለቱም እጁ ዘንጉን ሲስብ ነበር ልጄ» አለኝ፤ «አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቢላው አልሄደም።»

ሲያወጡት ቢላው ወገቡ ላይ፣ ከነአፎቱ ነበር። ቢጫው ክር አልተፈታም። ዘንጉ አልተሰበረም። ማጠንጠኛው ዛሬም ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፤ ጥሩ ዕቃ ነው።

አሁን ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆሟል። ለኒላ ልሸጥላት ብዬ ነበር፣ ታሪኩን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ በዚህ አገር ስለሌለ የሚገዛው ጠፋ። ኒላ በየዓርቡ አውጥታ በንጹሕ ውኃ ታጥበዋለች፣ በጨርቅ ታደርቀዋለች፣ ትመልሰዋለች። ከባሕር ከወጣ አሥር ወሩ ነው፤ ምን ጨው እንደምታጥብ አላውቅም። ስለዚያ እሁድ አንስታብኝ አታውቅም። ያልኩትን ረስታው እንደሆነ ልጠይቃት እልና እተወዋለሁ። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው ላንተ የጻፍኩት። ከፈለግህ እርገመኝ፣ ግን አንብበህ ከጨረስክ በኋላ።

እንግዲህ ወደ እናንተ በሚመጣ የጭነት መኪና ጋሽ ዶራሳሚ ያኔ ያሳየንን የፋይበር ዘንግና አሮጌውን ማጠንጠኛ ልኬልሃለሁ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሸጠውም፤ ላንተ መሆኑን ሲሰማ ዋጋ እንኳ አልጠራም። ሁለት ቀለበት ቀይሬያለሁ፣ የፍሬኑን ቆዳ አድሻለሁ፣ ግራሶ ቀብቻለሁ። በጥጥ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከተጠቀምክ በኋላ በቀስታ እጠበው፤ ውኃ በኃይል አትልቀቅበት፣ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መልኩ አያምርም። ባያምርም ግድ የለም። በስንብት ገንዘብህ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፈልበት። ለዘንግ ከኪስህ ብዙ ባወጣህ መጠን ከእጅህ ለመልቀቅ እየከበደህ ነው የሚሄደው፤ ይህንን ደግሞ ጥጥ አያሳይህም።

ቢጫ ክር የለበትም። እማማን እሰሪለት ብያት ነበር። እርዱን በጠበጠች፣ ክሩን ነከረች፣ ከዚያ እጇ ላይ እንደያዘች ቆየችና መልሳ ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። «በልጄ ዘንግ ላይ ምንም ነገር አላስርም» አለች። ዘንጉን ግን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ ያንን እንደ ምርቃት ቁጠረው።

ኤልፍሪዳን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ይህንን ደብዳቤም አንብብላት፣ ባሏን የምትጠብቀው እሷ ናትና ማወቅ አለባት። ኪሾርን ጎበዝ በልልኝ። ለትንሿ ሴልማ ኒላ የሰፋችላት ቀሚስ ከዘንጉ ጋር ተጠቅልሏል፤ ኒላ ወገቡን ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ታድግበት ብላለች። እማማ ደረትህን በሰናፍጭ ዘይት እሽ፣ ጫማህን ሳታስር ዓለት ላይ እንዳትወጣ ትልሃለች። ጋሽ ዶራሳሚም ሰላም ብሎሃል።

እኔ ለሩንጋን በቀልድ ያልኩትን መልሼ ልውጠው አልችልም። ላንተ ግን ያለ ቀልድ እጽፍልሃለሁ፣ ኤልፍሪዳም ትመስክር፦ ዘንጉን ባሕር ይብላው፣ ማጠንጠኛውንም ይብላው፤ አንተ ባዶ እጅህን ወደ ቤት ና።

እህትህ ታቫሞኒ
ቻትስዎርዝ፣ ደርባን
ጁላይ 3 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.