የወይዘሮ ሩት ፋኑስ ስምና መቃብር

ወይዘሮ ሩት ከአባታቸው ከአቶ ፋኑስ ጊርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማቲልዳ በላይኛው ግብፅ፣ በአክሚም ከተማ፣ በጃንዋሪ 1951 ተወለዱ። በሰባተኛው ቀን እንደ ልማዳችን ሰባት ሻማ በሰባት ስም ተለኮሰ። መጨረሻ የሚጠፋው የልጅቷ ስም ይሆናል። ማሪናና ሩት ቀሩ፤ ሩት አሸነፈ። ቄሱ «ጓደኛ ማለት ነው። አማቷ ታድላለች!» አሉ። ተሳቀ። በአክሚም ሩት የምትባል ልጅ ያለችበትን ቤት አማቶች ቶሎ ያንኳኳሉ።

በሶሃግ የመምህራን ትምህርት ቤት ተምረው ከ1969 ጀምሮ ሒሳብ አስተማሩ። በ1972 አቶ ዋኒስን አገቡ። በሦስተኛው ዓመት አቶ ዋኒስ በመኪና አደጋ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም።

ዓመት ቆይቶ ከአስዩት አንድ መምህር ሽማግሌ ላከ። ሩትም ወደውት ነበር። አማታቸው ወይዘሮ በህያ በሰው ፊት፣

«አንቺ እኮ ሩት ነሽ! ሩት አማቷን ጥላ ትሄዳለች እንዴ?» አሉ።

«እማማ፣ መጽሐፉ ላይ እኮ ሩት ሌላ ባል አግብታለች» አሉ ሩት።

«ተይው እሱን! እስከዚያ ድረስ ማን ያነባል?»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። ሩት ቀሩ።

ወይዘሮ በህያም በቄሱ፣ በሌላው ልጃቸው በአቶ ላቢብና በእኔ በሩት እኅት ፊት ቃል ገቡ፤ «ከእኔ ጎን ትቀበሪያለሽ፣ እንደ መጽሐፉ።» ሩት ሠላሳ ሁለት ዓመት አጠቧቸው፣ አጎረሷቸው፣ መጨረሻ ላይ ተሸከሟቸው። በ2008 ሲያርፉ ዓይናቸውን የከደኑት ሩት ናቸው። አቶ ላቢብ ከካይሮ የደረሱት ለቀብሩ ነው።

ወይዘሮ ሩት በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ተሠቃይተው ማክሰኞ ማርች 12 ቀን 2019፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። የቤተሰቡን መቃብር ቤት ቁልፍ የያዙት አቶ ላቢብ «ቦታ የለም፣ ለልጆቼ ነው። ደግሞስ ወልዳልናለች?» አሉ። ቃሉን የሰሙት ቄስ ሞተዋል። እኔ አስታወስኳቸው። «የአሮጊት ወሬ ነው፣ ኤንሳፍ። ተይኝ» አሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚቀበሩት ከአባታችን ጋር ነው። አቶ ላቢብ ግን ለቅሶ ተቀባይ ሆነው ከፊት ተቀምጠዋል። ይስሙት።

የቀረነው እኔ ታላቅ እኅታቸው ኤንሳፍ፣ እንዲሁም ሒሳብ ያስተማሯቸውና ዛሬ የሸበቱት ልጆቻቸው ነን።

ለራሴም አላዳላም። በሰባተኛው ቀን ሰው ሲበላ ሻማውን ጠብቂ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፣ የሰባት ዓመት ልጅ። የማሪና ሻማ ገና ረጅም ነበር። እፍ አልኩት። በሰንበት ትምህርት ቤት ሥዕል ላይ ነዶ የታቀፈችውን ሩት ስለምወዳት ነው። ሳልነግራቸው ሞቱ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቁልፍ የሚይዝ ዘመድ በሌለበት ያሳርፍልን።

ሩትዬ፣ ከአባባ ጎን ያለው ቦታ የእኔ ነበር። ውሰጂው።