ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

ለምወድህ ወንድሜ ለገብረመስቀል፦

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሙሉወርቅስ፣ ሕፃኑስ? ያ የሚያሠቃይህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? የአዲስ አበባ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ጎረቤታችን አዴ ድርቤም «ለልጃችን አከም ጅርታ፣ እንዴት ነህ በይልኝ» ብላሃለች።

በስልክ ብነግርህ በሳቅ ታድበሰብሰዋለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ነገር እንደማልወድ ታውቃለህ። ግን «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ይባል የለ? ፊት ለፊት ልጠይቅህ፦ አጥኚዎቹን ወደ እኛ ሰፈር የላክሃቸው አንተ ነህ?

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ፣ የእድር ስብሰባችን ላይ ሁለት ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ መጣን ብለው ቀረቡ። የተማሪዎችን አመጋገብ እናጠናለን አሉ፤ የቀረውን በጥድፊያ ተናገሩትና አልገባንም። ሰብሳቢያችን ኦቦ ጉሉማ «የእኛው ልጆች ናቸው፣ አታሳፍሯቸው» አሉና ወረቀታቸውን መገኘታችንን ከምንፈርምበት መዝገብ ጋር አብረው አዞሩት። የእድራችንን ነገር ታውቃለህ፤ የቀረ ይቀጣል፣ ወረቀት ሲዞር ከዓይናችን እጃችን ይቀድማል። እኔም ፈረምኩ። አዴ ድርቤማ ጭራሽ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ለቅሶ ለሄደችው ለቦንቱም ፈረመችላት፣ እንዳትቀጣ አዝና!

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ልጄ ፌኔት ከትምህርት ቤት አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ማን ሰጠሽ ብላት፣ ለብቻዋ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ስለ ቤታችን እንደጠየቋት ነገረችኝ። ምን ብለሽ መለስሽ ስላት ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። የቦንቱንም ልጅ ጠይቀውታል፤ እናቱ በሌለችበት፣ በድርቤ ፊርማ! ደብተር በነፃ የሚያድል ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ እንጃ፤ እኔ አላምነውም። ስማችንን ለቀበሌ ይሰጡት ይሆን? በቴሌቪዥን ያወጡን ይሆን?

ኦቦ ጉሉማ ቤት ሄጄ ወረቀቱን ያሳዩኝ አልኳቸው። አንድ ቅጂ ነበራቸው። ያን ቀን ያላነበብኩትን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ልጄ እንድትጠየቅ ፈቅጃለሁ ይላል። በፈለግሁ ጊዜ ላስወጣት እንደምችልም ይላል። ከግርጌው፣ የጥናቱ ኃላፊ ከሚለው ሥር፣ ያንተ ስም ከነስልክህ ተጽፏል። ክው አልኩ። ኦቦ ጉሉማ ግን «የራስሽ ወንድም ከሆነማ ምን ያስፈራሻል?» ብለው ሳቁብኝ። የሚያስፈራኝ እኮ እሱ ራሱ ነው።

ስልኳን ከወረቀቱ ላይ ወስጄ፣ ፌኔትን ለጠየቀቻት ልጅ ደውዬ የፌኔት መልስ ይሰረዝልኝ አልኳት። ሊሊሴ ትባላለች፣ ትሑት ናት። ስም እንደማይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ እንደሆነ፣ መልሱም አዲስ አበባ እንደገባና ማሰረዝ የሚችለው ኃላፊው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። የፌኔት ቁጥር 46 ነው። ገበናዬን ለመሸፈን ገበናዬን ላንተ መክፈት ሊኖርብኝ ነው፤ ወይ ጉድ!

እውነቱን ልንገርህ፣ ኑሮዬን በእጅ አዙር ልታስጠና የላክሃቸው መስሎኝ ነበር። አሁንም ጥርጣሬው ከልቤ አልወጣም። እሺ፣ ፌኔት መግባቷን አታውቅም እንበል። ሰዎችህ ሲያስፈርሙ፣ ማን ምን እንደፈረመ መጠየቅ አልነበረብህም? እዚሁ አድገህ የእድር ወረቀት እንዴት እንደሚፈረም ጠፍቶህ ነው?

ልጄ የመለሰችውን በስንት ልመና አልቅሳ ነገረችኝ። «በቤታችሁ ሳይበላ የሚያድር አለ ወይ?» ሲሏት «እናቴ» ብላለች። ጎረቤት በልቼ መጣሁ እያልኩ ስደልላት ታውቅብኝ ኖሯል። ባለቤቴ ቀነአ የግንበኝነት ሥራው ከቆመ አምስት ወሩ ነው። ላንተ ግን በደወልክ ቁጥር ሞልቶናል እላለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ምናልባት መልሱን አንብበኸው፣ «ምስኪን እናት» ብለህ አልፈህ ይሆናል። እኔ ነኝ።

ሙሉወርቅን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታስነብባት። ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ። ቀነአና ትንሹ ኤባ ሰላም ይሉሃል። ፌኔትም ትናፍቅሃለች፤ ስትደውል ይህን ነገር እንዳታነሳባት፣ የተቆጣኋት መስሏት ስትሳቀቅ ነው የሰነበተችው። ቁጥር 46ን ሰርዝልኝ፤ የቦንቱን ልጅ መልስም እናቱን ሳትጠይቅ እንዳትነካው። ይህን ሁሉ የነገርኩህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው፤ ለጥናትህ አልፈቀድኩም።

እህትህ ሐረግወይን
ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.