የቅድመ አያቴ ሁለተኛ ዓይን

ለተከበሩ የቅርስ ምስሎች እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ኮምፒውተሮችም በሙሉ ጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የቦሌ ቡልቡላ ነዋሪ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በቅርቡ ያረፈችው የፌናን ወንድም ነኝ።

እንደሚያውቁት፣ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ በክረምቱ ሲፈርስ ሥዕሉም አብሮ ፈረሰ። እህቴ ከሰፈሩ ሰው የሰርግና የክርስትና ፎቶ እየለመነች፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚታየውን ቁራጭ በኮምፒውተር እየገጣጠመች ሥዕሉን መለሰችው። ያልተገኘው ሥዕሉን ያሳሉት፣ ከሥሩም ተንበርክከው የሚታዩት የቅድመ አያታችን የጉቱ ፊት ብቻ ነው። በየፎቶው ሰው ቆሞ ይከልላቸዋል። ፌናን ያላየሁትን ፊት አልሠራም ብላ ቦታውን ባዶ ተወችው፤ ፎቶ መፈለጓን ግን ሕመሙ አልጋ ላይ እስኪጥላት አላቆመችም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ካረፈች በኋላ ሥራዋን ተረክበው ስለጨረሱላት አመሰግናለሁ። እሷ ያጣችውን ፊት የቢሮዎ ፕሮግራም ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ፈጥሮታል።

፪ኛ. ፊቱን በጎን፣ በአንድ ዓይን ስላደረጉት አመሰግናለሁ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛ በአንድ ዓይን እንደሚሳል የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ፤ ቢሮዎ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ባለመጠመዱ ሥራው ፈጥኗል። የጉቱ ልጅ፣ አያቴ እልፍነሽ፣ የታደሰውን ሥዕል አሳትመው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ያሰቀሉትን ባነር ቀና ብለው አይተው፣ «አባቴን ከይሁዳ ጋር የደመሩት ምን በድሏቸው ነው?» አሉኝ። መልሱን ከእርስዎ አመጣለሁ ብያቸዋለሁ።

፫ኛ. ከባነሩ ሥር የእህቴን ስም ብቻ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ለቅሶ ሊደርሱን የሚመጡ ጎረቤቶች አሁን፣ «ፌናን እንዲህ አትሳሳትም ነበር፤ ሕመሙ አድክሟት ይሆናል» ይሉናል። እሷ መልስ መስጠት እንደማትችል ቢሮዎ ሳያስብበት አልቀረም።

የምለምነው ትንሽ ነው። ባነሩ ይውረድ፤ እሷ የተወችው ባዶ ቦታም ይመለስ። የተወችው ስላልቻለች አልነበረም።

የሌለንን ሁሉ ሳንጠይቀው ለሚሞላልን ቢሮዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ቶሌሳ እሸቴ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባነሩ በተመረቀበት ዕለት የእህቴንም ፎቶ አሳምረው ሰቅለዋል፤ ግንባሯ ላይ የነበረው ጠባሳ ጠፍቷል። ሕፃን ሳለሁ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስወድቅ እኔን ስትይዝ ነው ግንባሯ የተፈነከተው። እሱ የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ እባክዎ ይመልሱልኝ።